ከባይራው በፊት የተዘራ ገብስ

ከገረሴ በላይ ካለው መንደራችን በወጣሁበት ዋዜማ ማታ ሊሰናበተኝ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ጎረቤቴ ሲሆን የመጣው መቆፈሪያዬን ሊጠይቅ ነበር። ውጭ አገር ከሄድኩ ብረቱ ዝጎ እንደሚቀር፣ እሱ ቢወስደው ግን ለእኔም በረከት እንደሚሆን በሩ ላይ ቆሞ አስረዳኝ። ወንበር ሰጠሁት። ውሃ ሰጠሁት። መቆፈሪያውን አልሰጠሁትም። ከሄደ በኋላ እጀታውን አወለቅኩና ባለ ሁለት ጣቱን ብረት በጋቢ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

ጠዋት አውቶቡሱ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ አባያ ከታች እንደ ሁልጊዜው ቀይ ጭቃ መስሎ ተኝቷል። ዳር ዳሩ በሙዝ ተክል አረንጓዴ ሆኗል። ከዚያ ሙዝ ውስጥ የማን እንደሆነ የማውቀው አንድ ማሳ ነበር። ወደዚያ በኩል አላየሁም።

አዲስ አበባ አየር ማረፊያ ሻንጣዬን ያስከፈተኝ ልጅ ብረቱን አንሥቶ አገላበጠው።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መቆፈሪያ።»

«ጀርመን መቆፈሪያ የለም?»

«አላውቅም። ገና አልሄድኩም።»

አለቃውን ጠራ። አለቃው የደቡብ ሰው ኖሮ ብረቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «የደጋ ገብስ መቆፈሪያ ነው፤ ዝጋላቸው» አለና ሄደ። ከአገሬ በመልካም የሸኘኝ ሰው እሱ ነው፤ ስሙን አልጠየቅኩም።

ይህን የምጽፈው ስለ እኔ «አማረች ዝናብ አበላሽታ ጠፋች» እየተባለ አገር ቤትም እዚህም በየስልኩ ስለሚወራ ነው። የሆነው እንዲህ ነው።

በእኛ ደጋ ገብስ የሚዘራው በበልግ ነው። የካቲት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አፈሩ ለጥቂት ቀን ብቻ ልክ ይሆናል። ቀድመህ ከገባህ ጭቃ ታቦካለህ፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። ከዘገየህ ነፋሱ እርጥበቱን ይወስደዋል፤ ዘሩ ተኝቶ ለወፍና ለጉንዳን ይቀራል። ልኩን ማወቅ ደግሞ ከባድ አይደለም። አፈሩን ጨብጠህ ታወጣለህ፤ ከወገብህ ላይ ትለቀዋለህ። ወድቆ ድቡልቡል እንደሆነ ከቀረ ትጠብቃለህ። ከተፈረፈረ ትዘራለህ። እናቴ ያስተማረችኝ ይህንን ነው። ሌላ ብዙ አላስተማረችኝም።

ነገር ግን የሚወስነው አፈሩ ብቻ አይደለም። የቤተሰቡን በኩር ባይራ እንለዋለን። ባይራው ዘር ሳይጥል ከእሱ በታች ያለ ዘመድ አይዘራም። ይህ የድሮ ነገር ነው። ሁላችንም ጌታን ከተቀበልን ስለቆየን እንዲህ ያለው ልማድ ቀርቷል ብለን በአደባባይ እንናገራለን። የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሽ አንጁሎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ስለ ጥንቆላ ሰብኳል፤ ስለ መጠጥ ሰብኳል፤ ስለ ሴቶች ፀጉርም ሁለት እሑድ ሰብኳል። ስለዚህኛው ልማድ ሲሰብክ ግን ሰምቼ አላውቅም። ባይራው እሱ ነው።

ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት በገባ በሳምንቱ፣ ሦስት ቀን ደህና አድርጎ ዘነበና አባራ። ጋሽ አንጁሎ አልነበረም። አባያ ዳር ሙዝ ተክሎ፣ ቆላው ተስማምቶት፣ አርባ ምንጭ ልጁ ቤት ተቀምጧል። ሰው ተላከበት። መጣሁ አለ። ዓሣ እየበላ ይሆናል። እኛ ጋ ነፋስ ተነሣ። ዘመድ ሁሉ መቆፈሪያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የአፈሩን መድረቅ ቁጭ ብሎ ይመለከት ነበር። በዘጠነኛው ቀን ከቤቴ በላይ ካለው ማሳ አፈር ጨብጬ ለቀቅኩ። ተፈረፈረ። ዘራሁ። ባይራውን ሰድባለች የሚሉ አሉ። አልሰደብኩም። አስቤ ነበር እንጂ።

እሱ በሳምንቱ መጣና ደረቅ አፈር ላይ ዘራ። ሌሎቹም ተከትለውት ዘሩ። መጋቢት ሙሉ ጠብታ አልወረደም። የእኔ ገብስ ሥር ስለያዘ ቻለው፤ የእነሱ ለጉንዳን ቀረ። ዱቡሻ በሚባለው የመሰብሰቢያ ሜዳችን ሽማግሌዎች ተቀመጡና ዝናቡን ያቆመችው ቅደም ተከተል ያፈረሰችው ናት አሉ። ተነሥቼ «አጥፍቻለሁ» እንድል ተጠየቅኩ። አንድ ቃል ናት። አላልኩም።

ማንም አልቀጣኝም። ይህን መናገር ይገባኛል። በሚቀጥለው በልግ ግን ደቦ ስጠራ አንድም ሰው አልመጣም። የእኛ መሬት ዳገት ነው፤ በሬ አይገባበትም፤ በእጅ ይቆፈራል። ብቻዬን ሲሦውን ቆፈርኩ። የቀረው ጦም አደረ። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ጦም ያደረ መሬት ለቤተሰቡ መመለስ አለበት ተባለና ጋሽ አንጁሎ ባቄላ ዘራበት። ጀርመን ነርስ የሆነችው ልጄ ምህረት ልትወልድ ስለነበር እንድመጣላት ጠራችኝ። መጣሁ። አልተመለስኩም።

እዚህ ጥገኝነት ስጠይቅ ያነጋገረኝ ባለሥልጣን ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነበር። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«እናቴ፣ ለምን አገርዎን ለቀቁ ይልዎታል።»

«ገብስ ቀድሜ ስለዘራሁ።»

አስተርጓሚው ዞሮ አየኝ። «ከማን ቀድመው?»

«ከባሌ ታላቅ ወንድም።»

ሁለቱ ተነጋገሩ። «በሕግ የተከለከለ ነው ወይ ይልዎታል።»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን አደረጉዎት?»

«ምንም አላደረጉኝም። ደቦ አልመጡልኝም።»

ሰውየው ብዙ ጻፈ። ስንወጣ ምን ብሎ እንደጻፈ ልጁን ጠየቅኩት። «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ነው አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየስድስት ወሩ የሚታደስ ወረቀት አለኝ። መሥራት ይፈቅድልኛል። ከአገር ከወጣሁ ግን መመለስ የለም። ስለ ወረቀቱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

የምንኖረው በሰሜን በኩል ትልቅ ወንዝ አጠገብ ነው፤ ዓይን እስኪደክም የፖም ዛፍ ብቻ ነው። ዝናብ የሚጠብቅ ሰው የለም። ሁልጊዜ ይዘንባል፤ ማንም አያመሰግንም። ገብሱን ለአሳማ ይሰጡታል። የመጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ ምሳዬን አልበላሁም።

የቤቱም የፖሙም ባለቤት ፍራው ኤልኬ ትባላለች። እንደኔ መበለት ናት። እንደኔም ብዙ አትስቅም። ቤቱን ስታሳየን ሽታ ያለው ምግብ እንደማይፈቀድ ነገረችን። ምህረት ቆጮ እዚህ እንደማይገኝ ስትነግራት ደስ አላት። በቃሪያ የሚሠራውን ዳጣችንን ግን አላወቀችም፤ አሁን እሷም ድንች ላይ ታደርጋለች፤ መስኮት ከፍታ።

ያገናኘን መቆፈሪያው ነው። ምህረት እጀታ አስገጥማልኝ ነበር። በመጀመሪያው መጋቢት ፍራው ኤልኬ ጓሮዋን ልትቆፍር ወጣች። ለምን ዛሬ ስላት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ቀን መቁጠሪያ አሳየችኝ። ከጓሮው አፈር ጨብጬ ፊቷ ለቀቅኩ። ድቡልቡል እንደሆነ ጫማዋ አጠገብ ቁጭ አለ። ራሴን ነቀነቅኩ። እሷም አየችውና «ኖህ ኒሽት» አለች። ገና ነው ማለት ነው። አካፋዋን ይዛ ገባች። የመንደሬ ሽማግሌዎች ያልሰሙኝን፣ ቋንቋዬን የማታውቅ ሴት ሰማችኝ። ይህን ለማስከፋት አይደለም የጻፍኩት። ቢከፉም ግን ይክፉ።

ዘንድሮ ሚያዝያ መግቢያ ላይ፣ የፖሙ እንቡጥ ሊፈነዳ ሲል፣ ሰማዩ ጠራ። ሰማይ ሲጠራ ውርጭ እንደሚመጣ እኔም አውቃለሁ፤ እኛ ጋ ድንችና ባቄላ ያቃጥላል። ንጋት ላይ የውሃ ፓምፕ ጩኸት ሰምቼ ስወጣ ፍራው ኤልኬ ዛፎቹ ላይ ውሃ ትረጫለች። በውርጭ ላይ ውሃ። አበደች ብዬ በጋሞኛ ተቆጣኋት። ፀሐይ ስትወጣ እያንዳንዱ እንቡጥ በበረዶ ተለብጦ እንደ መስታወት ያበራል። ውሃው በረዶ ሲሆን ሙቀት እየለቀቀ እንቡጡን እንደሚጠብቀው፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስም መርጨት እንደማይቆም ምህረት አስረዳችኝ። አላመንኩም። ቀትር ላይ አንዱን ከፍቼ አየሁት። ውስጡ አረንጓዴ ነበር።

ጎረቤቶቹ ሁሉ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ግን ቴርሞሜትሩ ዜሮ ሊደርስ ሳይል ማንም ቧንቧ አልከፈተም። የእነሱ ባይራ ቴርሞሜትር ነው አልኳት ምህረትን። ልዩነቱ፣ ቴርሞሜትሩ ሜዳው ላይ ነው ያለው፤ አርባ ምንጭ ሄዶ አይቀመጥም።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ታሪኳ ደወለች። ታሪኳ የጋሽ አንጁሎ ልጅ ናት፤ ገረሴ መምህርት ነች። ከዚያ ቤት የምትደውልልኝ እሷ ብቻ ናት።

«አክስቴ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ነኝ።»

«እኔ ብቻዬን አይደለሁም» አለች።

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ዱቡሻው መሃል ቆማለች። የዘንድሮው በልግ ዘግይቷል። በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ዘንቦ አቁሟል። የሚዘራ የለም። ያልታረቀ ጠብ ዝናብ ይይዛል ተብሎ የመንደሩ ጠብ ሁሉ ተፈልጓል። ድንበር የተጋፉ ወንድማማቾች ታርቀዋል፤ ባልና ሚስት ታርቀዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

«እኛ በዚህ ነገር አናምንም፤ ታውቂያለሽ» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

«አውቃለሁ።»

«ለጥንቃቄ ያህል ነው። አንድ ጊዜ አጥፍቻለሁ ብትይ ምን ይጎዳሻል?»

የሚጎዳኝ ይህ ነው። በየማለዳው የዚህን አገር አየር ከማየቴ በፊት ስልኬ ላይ የገረሴን አያለሁ። ያን ቀን ጠዋትም አይቻለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ዝናብ ይላል። ቅዳሜ «አጥፍቻለሁ» ካልኩ ሰኞ ይዘንባል፤ የልጅ ልጆቻቸው ሳይቀሩ አማረች ጥፋቷን ስላመነች ዘነበ ይላሉ። እምቢ ካልኩ ደግሞ ሳይዘሩ ይቀመጣሉ፤ በዚያ ሁለት ቀን ዝናብ የራሰው አፈር እንደገና ይደርቃል፤ ከዚህ ከዘገየም የዘንድሮ ገብስ የለም። ታሪኳም የምትበላው ከዚያው ነው። ስለ ሰኞ አልነገርኳቸውም። ጋሽ አንጁሎን አገናኙኝ አልኳቸው።

ሳሉን አወቅኩት። ሰላም አልን። ስለ ጉልበቱ ጠየቅኩት፤ ስለ ልጅ ልጄ ጠየቀኝ። የቀረው ዋናው ነገር ነበር። እኔ ለመጀመር አላሰብኩም።

«ያኔ በምን አወቅሽ?» አለኝ።

ያኔ ማለት ያ የካቲት ነው። ይህን ጥያቄ በዚያ ጊዜ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«አፈሩን ጨብጬ።»

«አሁንስ?»

«እኔ እዚህ ነኝ። እርስዎ ይጨብጡት። ከቤቴ በላይ ካለው ማሳ።»

ከዚያ የከዘራው ድምፅ ተሰማኝ። ሲሄድ፣ ታሪኳም ስልኩን ይዛ ስትከተለው፣ ትንፋሹ ዳገቱ ላይ ሲያጥር ሰማሁ። ያ ዳገት ሲያጥር አያውቅም። ጎንበስ ሲል አቃሰተ።

«ለቀቅኩት» አለ።

«ምን ሆነ?»

ሽማግሌዎቹ እዚያው ቆመው ሳያዩት አይቀርም።

«ተፈረፈረ።»

«ዛሬውኑ ዝሩ። ነገ እሑድ ነው። ከቆሙበት ማሳ ጀምሩ፤ በእኔ ስም። ከዚያ የእርስዎን።»

«አማረች» አለ። ስንት ዓመት ሙሉ የወንድሜ ሚስት ሲለኝ ኖሯል። ስሜን ያውቀው ነበር ማለት ነው። ከአማረች በኋላ ምን ሊል እንደነበር አላውቅም፤ መስመሩ ተቋረጠ። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አይገኝም አለ። ሦስተኛ አልደወልኩም።

ሰኞ ዘነበ። ማክሰኞም ዘነበ። ታሪኳ «ዝናቡ መጣ አክስቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ጽፋልኛለች፤ ሌላ አልጻፈችም። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ መለስኩ፤ ሌላ አልጠየቅኩም። እዚህ ፖሙ አብቧል። ፍራው ኤልኬ ዛሬ ጠዋት ከጓሮዋ አፈር ጨብጣ ለቀቀችና ቀና ብላ በመስኮት አየችኝ። ተፈርፍሮ ነበር። መቆፈሪያዬን ይዤ ወረድኩላት።

ስልኬ ገረሴ ላይ በየሰዓቱ ስንት እንደዘነበ ይነግረኛል። የትኛው ማሳ ቀድሞ እንደተዘራ አይነግረኝም። ግን የቀደመው ቀድሞ አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህን ማንም ሊሸሽገው አይችልም። በእኛ ደጋ ገብስ በስምንት በዘጠኝ ቀን ከአፈር ይወጣል። ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው። ነገ ታሪኳ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የማሳዬን ፎቶ እንድታነሣልኝ እጠይቃታለሁ። ወይም ከነገ ወዲያ።