ባሌ የማርያምን ማኅበር የደገሰ ዕለት

ሰው ከመተማ የሚወጣው በሌሊት ነው ይባላል። እኔ የወጣሁት በቀትር ነው፤ ሙቀቱ ሰውንም ውሻውንም ጥላ ሥር ባስተኛበት ሰዓት። ተደብቄ መሄድ አልፈለግሁም። ባሌ አዳነ ሻንጣዬን በአንድ እጁ፣ ማኅሌትን በትከሻው ይዞ እስከ ድልድዩ ሸኘኝ። ማኅሌት ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ታላቅዋ ዮናስ ዘጠኝ ሞልቶት ስለነበር እንዳያለቅስ ወደፊት ወደፊት እያለ ይሄድ ነበር።

አዳነ የትራክተር ሾፌር ነው። የሚሠራበት የሰሊጥ እርሻ ሁለት ክረምት ሳይታረስ ሲቀር ትራክተሩም ቆመ፣ እሱም ቆመ። ድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ግን ለወጥ ቤት ሴት ይፈለጋል ተባለ፤ ወንድ የሚፈልግ የለም። ሦስት ቀን ተነጋገርን። በሦስተኛው ቀን «አንቺ ሂጂ፤ ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ።

«ሊጡንስ?» አልኩት።

«ሞተር ፈትቼ የምገጥም ሰውዬ ሊጥ ያቅተኛል?»

ድልድዩ ላይ ወረቀቴን የተቀበለው ፖሊስ አንድ በአንድ አየን። «የሚሻገረው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«እሱስ?»

«ልጆቹን ይዞ ይመለሳል።»

«ተቀያይራችኋል እኮ!» ብሎ ሳቀ።

አዳነ አልሳቀም። «አልተቀያየርንም ጌታው። ማኅተሙን ይምቱላት» አለው።

ሰው እያየን መተቃቀፍ አላወቅንበትም። በስመ አብ ብዬ ተሻገርኩ።

ገዳሪፍ ሙቀቱ የእኛው ሙቀት ነው፤ ክረምት ሲገባ ጫማ የሚያወልቀው ጥቁር ጭቃም የእኛው ነው። ልዩ የሆነብኝ ሌላ ነው። ኪስራ የሚሉት እንጀራ መሳይ አላቸው፣ ከወረቀት የሳሳ፣ ዓይን የሌለው፤ ሦስት በልቼ እንዳልበላሁ እነሳለሁ። ደግነቱ የምሠራው ፉል ቤት ስለሆነ ጾም ሲገባ አልቸገርም። የቤተ ክርስቲያን ደወል ከምኖርበት አይሰማም። የሰፈሩ አዛን ሲነሳ እኔም ውዳሴ ማርያሜን አነሳለሁ። ሰዓቱን ለሚያስታውሰኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቤት ያከራየችኝ ሐጃ አማርኛ ከእኛ ሴቶች የለቀመች ትልቅ ሴት ናት። ቁልፉን ከመስጠቷ በፊት መረመረችኝ።

«ባል አለሽ?»

«አለኝ።»

«የት?»

«ቤቱ።»

«ምን ይሠራል?»

«ልጆች ያሳድጋል፤ ያበስላል፤ ያጥባል።»

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «መስኪን! ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመው?»

«ደኅና ነው ሐጃ።»

«አይዞሽ፣ እኔ አላወራም» አለችኝ። እስካሁን በተገናኘን ቁጥር ምሕረቱን ትጠይቀኛለች። እኔም ማስረዳቱን ትቼ፣ ስለ ጸሎቷ አመሰግናታለሁ።

አዳነ መጀመሪያ መጀመሪያ ተቸግሯል፤ አልዋሽም። የማኅሌትን ፀጉር ሲሠራ እንደ ቆመ የሰሊጥ ነዶ ሽቅብ አቁሞት ፎቶ ላከልኝ። ዮናስን ደግሞ መምህሩ ስለ ቤተሰብ ጻፉ ብሎት፣ «አባቴ ያበስላል፤ እናቴ ሱዳን ትሠራለች» ብሎ ቢጽፍ ኤክስ አደረገበት። መጽሐፉ ላይ የምታበስለው እናት ናት። ልጄ በስልክ እያለቀሰ «ምን ላድርግ?» አለኝ።

«ያየኸውን ነው የጻፍኸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እንደገና ያንኑ ጻፍ።»

ያስጨነቀኝ ግን ይህ አይደለም። በሰፈራችን የሴቶች የማርያም ማኅበር አለን፤ በየወሩ በሃያ አንድ በየተራ እንደግሳለን። ተራዋን ያሳለፈች ትወጣለች። እኔ በጥቅምት ነበር የሚደርሰኝ። አዳነ የማኅበሩ ሙሴ ሆነው ወደሚመሩን መነኩሲት፣ ወደ እማሆይ፣ ሄዶ «የሚስቴን ተራ እኔ ልደግስ» አላቸው። ጠላ የሚጠምቅ ወንድ አይተው አያውቁም። ቢሆንም «ማርያም ካልከለከለችህ እኔ ማነኝ?» አሉት።

ወሬው አማቴ ያሉበት ሳንጃ ደረሰ። የአዳነ እናት በድግሱ ዕለት ሁለት ሽማግሌ ይዘው ከች አሉ። እኔ በስልክ ነበርሁ። የሱዳኑ መስመር መተማ ድረስ ስለሚይዝ አዳነ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ከዳቦው አጠገብ አስቀምጦልኝ ነበር። አማቴ ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ልጆቹን ልወስድ ነው የመጣሁት። እዚህ ቤት እናት የለ። አባት ነበር፣ እሱም እናት ሆኖ ቁጭ ብሏል!»

አንደኛው ሽማግሌ «ወርቄ፣ ትሰሚናለሽ? ወይ ነይና ቤትሽን ያዢ፣ ወይ ልጆቹ አያታቸው ጋ ይሂዱ» አሉ።

እጄ የባቄላ ውሃ እያንጠባጠበ ስልኩን ያዝሁት። እሺ ካልኩ ልጆቼ ያን ቀን መኪና ይሳፈራሉ፤ ከሄዱ ደግሞ እንደማይመለሱ አውቃለሁ። አማቴን ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር።

«እማማ» አልኩ፣ «አክብሬዎት ነው የምናገር። ቤቴ ሰው አለው። ልጆቼ ይበላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይማራሉ፣ ቅዳሴ ይሄዳሉ። ከዚህ አንዱ ጎድሎ ካገኙት ይውሰዷቸው። ካልጎደለ ግን ከደጄ አይወጡም።»

«አንቺ! ስልክ ደፋር አደረገሽ?»

«ድሮም ነበርሁ እማማ። አልጠየቁኝም እንጂ።»

ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ ሳቋን ማፈን አልቻለችም። አዳነ «እናቴ፣ ይቀመጡ፤ ልቅዳልዎት» ሲል ሰማሁ። ቀዳላቸው። ትንሽ ቆይቶ አማቴ ሲተፉ ተሰማኝ።

«ይሄ ምንድን ነው? ሬት ነው?»

ጌሾውን በዓይኑ ነው የለካው። እኔ ገዳሪፍ ላይ ላብ አጠመቀኝ።

ይሄኔ እማሆይ ተናገሩ። «እውነትዎን ነው፤ ሬት ነው። እኔም ስለ እመቤቴ ብዬ ነው የዋጥሁት። ጌሾ የሚለካ ሰው ያምጡለት። ልጅ የሚያሳድግ ግን አያምጡ፤ ልጆቹን አይቻቸዋለሁ፣ እሱ ይበቃቸዋል።» ከዚያ ጽዋውን አንስተው ጸሎቱን ጀመሩ። በጸሎት መሃል ደግሞ ማን ይከራከራል?

ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ሳንጃ ተመለሱ። አማቴ ግን አልተመለሱም። «ይሄን ጉድ አጠገቡ ሆኜ ነው የማየው» ብለው ከልጆቹ ጋር ቀሩ። አሁን ቤታችን አያትም አለበት። አልጋው ላይ ሆነው «ጌሾ ቀንስ፣ በርበሬ ጨምር» ይላሉ፤ እሱ ይሠራል። ጎረቤት ሲያማው ደግሞ የመጀመሪያዋ ተቆጪ እሳቸው ናቸው አሉ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ይህን የምጽፍላችሁ የወርቄ ቤት ፈረሰ ስለተባለ ነው። አልፈረሰም። ባሌን እግዚአብሔር ይባርክልኝ፣ አማቴንም።

ሌላውንም ልንገራችሁ። ባለፈው እሑድ ስደውል ማኅሌት ስልኩን ይዛ እየሮጠች ታወራኝ ነበር። ደጁ ላይ ተደናቅፋ ወደቀች። ልጅ ሲወድቅ ማንን እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። እኔም «አቤት» ልላት አፌን ከፈትሁ።

«አባዬ!» ብላ ጮኸች።

ሮጦ ሲመጣ ሰማሁት። ሲያነሳት፣ ጉልበቷን እፍ ሲልላት፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ እናት» ሲላት ሰማሁ። ድምፃቸው ወደ ውስጥ ራቀ። ስልኩ መሬት ላይ ቀረ፤ ማንም አላስታወሰውም። ተመስገን አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ «እኔም አለሁ» አልኩ። የሰማኝ አልነበረም።

አልዘጋሁትም።