ጀርባችንን ለበሩ የሰጠን ዕለት

የያዙኝ የላም ምራቅ ስሰበስብ ነው።

በሰንበቴ ከተማ የከብት ገበያ ቀን ነበር። ከቆላ የመጡት አፋሮችና ከደጋ የወረዱት ነጋዴዎች ከብቱን መሀል አድርገው ይደራደራሉ። እኔ ደግሞ ባለቤቱን እያስፈቀድኩ ላሚቱን ጥጥ አስነክሳለሁ። ጥጡ ሲርስ በትንሽ ብልቃጥ እከተዋለሁ፤ ብልቃጡን በረዶ ባለበት ሳጥን አስቀምጠዋለሁ። ለዩኒቨርሲቲ የምሠራው ጥናት ይኼው ነበር፤ ከብት ሲፈራ በደሙና በምራቁ ውስጥ የሚበዛውን ሆርሞን ለክቶ፣ ፍርሃቱ የላሟን ወተት ምን እንደሚያደርገው ማወቅ።

በዚያ ዓመት አገሩ ታምሶ ነበር። ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጡና አንደኛው የሳጥኑን ክዳን አነሣ። ቅዝቃዜው ፊቱን ሲነካው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"የላም ምራቅ ነው፣ ወንድሜ።"

ወደ ጓደኛው ዞረ። "ምራቅ ነው ትላለች።"

"እንግዲያው ሳትተፋብን አሳፍራት" አለው።

ክዳኑን ያነሣው ሰው እስከ ከሚሴ ድረስ መኪናው ውስጥ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተጓዘ። በረዶው እየቀለጠ ሱሪው ላይ ይንጠባጠባል። በመስኮቱ ማሽላው ያልፋል። እኔ የምጨነቀው ለራሴ አልነበረም፤ ብልቃጦቹ ከሞቁ ሥራዬ ይበላሻል እያልኩ ነበር። ሰው የሚመጣበትን ካላወቀ እንዲህ ባለው ነገር ይጨነቃል።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው የማሽላና የነቀዝ ሽታ ይዟል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር አንድ ጡብ የወጣበት ቀዳዳ ብቻ አለ። በሩ ቆርቆሮ ነው። ደንቡን የነገረኝ ጠባቂው ነው፦ በሩ ሲመታ ሁሉም ተነሥቶ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። ከሰዓት በኋላ በቀዳዳው የገባውን ብርሃን እያየሁ ቂብላውን፣ ስንሰግድ የምንዞርበትን የመካ አቅጣጫ፣ ፈለግሁ። ቂብላው በስተሰሜን፣ በሩ በስተደቡብ ነበር። ፊታችንን ለበሩ ስንሰጥ ጀርባችንን ለቂብላ ሰጠን ማለት ነው። ይኼን ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ሴቶች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንደኛዋ ከጨፋ ወተት እያመጡ ከሚሴ የሚሸጡ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም አዮ እንላቸው ነበር፣ እናታችን እንደማለት። ሁለተኛዋ በከተማው ሻይ ቤት ያላት ክርስቲያን ናት፤ ደንበኞችሽ ምን እንዳወሩ ተናገሪ ተብላ ነው የመጣችው። ሦስተኛዋ ጥግ ይዛ የተቀመጠች እመጫት ነበረች። ባሏን ፈልገው ሲያጡት እሷን ወሰዷት። አርባዋ ገና አልወጣም።

"አንቺስ በምን መጣሽ፣ ልጄ?" አሉኝ አዮ።

"በላም ምራቅ።"

የሻይ ቤቷ ሴት ሳቀች። "ይኼውልሽ! እኔ በሰው አፍ ገባሁ፣ እሷ በላም አፍ!"

ስለ ሆርሞን ልነግራቸው ሞከርኩ። አዮ በጥሞና ሰሙኝና፣ "የማን ልጅ ነው እሱ?" አሉ። "ስሙን ዛሬ ሰማሁት። ሥራውን ግን ሳላውቀው አልቀርም። በረቱ ጅብ የሸተተው ለት ላም ወተቷን ትደብቃለች።"

"እሱ ነው፣ አዮ።"

"እንግዲያው ዘመዴ ነው።"

እመጫቷ አልሳቀችም። ጆሮዋ ደጅ ነበር።

በማግስቱ ወደ ዙህር፣ ወደ ቀትሩ ሰላት ግድም አማቷ ሕፃኑን ይዘው መጡ። የእስር ቤቱ መርማሪ ልጁ ከእናቱ ጋር እንዳያድር ከልክሏል፤ በቀን አንዴ ደፍ ላይ አጥብታ እንድትመልስ ብቻ ነው የፈቀደው። ጠባቂው ዱላውን ይዞ አጠገቧ ቆመ። ልጁ ጡቱን ጎረሰ፣ ሳበ፣ ሳበ፣ ተወውና ጮኸ። ጡቷ በወተት አግቶ ልብሷን ወጥሮታል። ወተቱ ግን አልወርድ አለ።

"ቶሎ በይ እንጂ!" ጠባቂው ቆርቆሮውን በዱላው መታ። በመታ ቁጥር ትከሻዋ ይኮማተራል።

"የስኳር ውሃ ነው የማቀምሰው" አሉ አማቷ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። "እሱንም ይተፋዋል። ድምፁ ትናንት እንዲህ አልነበረም።"

ልጁ የተጠቀለለበት ጨርቅ ረጥቦ ነበርና በደረቅ ለወጡለት። ጠባቂው ሲያጣድፋቸው ያወለቁት ጨርቅ መሬት ላይ ቀረ። በሩ ተዘጋ። የልጁን ልቅሶ እስከ ግቢው መውጫ ድረስ ሰማነው። እውነትም ቀጭን ነበር።

የሻይ ቤቷ ሴት ጨርቁን አንሥታ ወደ ውሃው ጀሪካን ሄደች።

"አትጠቢው" አልኳት።

"ምነው? ይሸታል እኮ!"

"እንዲሸት ነው።"

ሦስቱም አዩኝ። ያየሁትን ነገርኳቸው። ጨፋ ውስጥ ጥጃ ሲሞት ቆዳውን ገፈው ገለባ ይሞሉትና ላሚቱ ፊት ያቆሙታል። ትልሰዋለች፣ ታሸተዋለች፤ ወተቷም ይወርዳል። ትምህርቱም የሚለው ከዚህ አይርቅም። የልጅ ሽታና ድምፅ ኦክሲቶሲን የሚሉትን ሆርሞን ከአንጎል ያስለቅቃል፤ ወተቱን የሚያወርደው እሱ ነው። ፍርሃት ሲገባ የፍርሃቱ ሆርሞን ይቀድመውና መንገዱን ይዘጋበታል። "ወተቱ አለ" አልኩ። "የተዘጋው መንገዱ ነው።"

እመጫቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። "እኔ ላም ነኝ?"

ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐፍረት አሁንም አለ። "አይደለሽም፣ እቴ። ላሟን ነው የምናታልላት። አንቺን የሚያታልልሽ የለም። ልጅሽ አለ፤ ጨርቁም የሱ ነው።"

"ደግሞስ ላም መባል ስድብ ነው እንዴ፣ ኢንተላ ኮ?" አሉ አዮ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ይኼን ሁሉ ሰው ማን ያሳደገው ይመስልሻል?"

እመጫቷ ጨርቁን ከሻይ ቤቷ ሴት እጅ ተቀብላ ከልብሷ ሥር አስገባችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከአስር ሰላት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። የሚጮህ ሰው አልነበረም። ሻይ እየጠጣ ነበር። ሳጥኔ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብልቃጦቹ ከጎኑ ተደርድረዋል፤ አንዱን ከፍቶ ሳያሸተው አልቀረም።

"እስቲ ድገሚልኝ። ላም ስትፈራ ምን ትሆናለች?"

ደገምኩለት። አፌ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል። ገበያ ላይ አንዳንዷ ላም ጥጡን እንደገባ ደረቁን ስትመልሰው እበሳጭ ነበር። ያን ሰዓት እኔን ጥጥ ያስነከሰኝ ሰው ቢኖር እሱም ደረቁን ያገኘው ነበር።

"ሰውስ?"

"ሰውም እንደዚያው ነው።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ጥሩ። ባለሙያ ነሻ! እንግዲያው ያቺን እመጫት ምከሪያት። ባሏ ያለበትን ትናገርና ዛሬውኑ ቤቷ ትግባ። ፍርሃቱ ይለቃታል፣ ወተቷ ይወርዳል፣ ልጁም ይተርፋል። እኔም ይኼ ሳጥን የትምህርት ዕቃ መሆኑን እረዳለሁ።"

ሲሰሙት ክፉ ነገር አይመስልም። ያስጨነቀኝም ይኼው ነው። ከተማርኩት አንዲት ቃል አላጣመመም፤ ብቻ ከበሩ ማዶ፣ ዱላው ካለበት በኩል ሆኖ ነው ያነበበው። የሕፃኑ ቀጭን ድምፅ በጆሮዬ ነበር። እምቢ ብዬ ልጁ ቢሞት ለአላህ ምን እመልሳለሁ? እሺ ብዬ በእኔ ምክር አንድ ሰው ቢያዝስ? በልቤ ቢስሚላህ አልኩ።

"ጌታዬ፣ ላም ስትፈራ ላሟን አንመክርም" አልኩት። "ያስፈራትን ነው ከደጇ የምናርቀው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ አልሻም። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚሰማው የሩቅ ወንዝ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው።

ስመለስ አዮ የሻሻቸውን ጫፍ አርሰው ጆሮዬ ላይ ያዙልኝ። ቆይታ እመጫቷ ተጠጋችኝ።

"ስለኔ ጠየቀሽ?"

"ስለ ላም ነው ያወራነው።"

ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ "ያለበትን አላውቅም። እንኳንም አላወቅሁ። ባውቅ ኖሮ የልጄን ድምፅ እየሰማሁ ዝም የምል አይመስለኝም።"

ከመተኛታችን በፊት ተማከርን። ምክሩ ረጅም አልነበረም። ዱላውን ማራቅ ባንችል ከዓይኗ መጋረድ እንችላለን።

በማግስቱ አማቷ ሲመጡ ልጁን ከደፉ ተቀብለን ወደ ውስጥ አስገባነው። እመጫቷ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። አዮ፣ የሻይ ቤቷ ሴትና እኔ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ ጀርባችንን ለበሩ ሰጥተን ከበብናት። የሻይ ቤቷ ሴት ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ በእመጫቷ ላይ ዘረጋችው። ልጁ ማልቀሱን ትቶ ያቃስት ነበር።

"ፊታችሁን ወደ በር!"

ማንም አልዞረም። ዱላው ቆርቆሮው ላይ አረፈ። እመጫቷ ደነገጠች፤ አየኋት። አዮ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አሳረፉ።

"ወደ በር አልኩ እኮ!"

አሁንም የዞረ የለም። ኮቴው ቀረበ፤ ከኋላዬ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰላት ላይ ናችሁ?" አለ።

የዚያው አገር ሰው ነው፤ ቂብላው ወዴት እንደሆነ ያውቃል። መውጫ መንገድ እየሰጠን እንደሆነ ገባኝ። አዎ ብንለው ለአለቆቹ ይኼንኑ ይላል፣ እኛም እንተርፋለን። ፊታችን ቂብላ ነው፣ ሰዓቱም ዙህር ነው። ግን በሰላት መዋሸት አልሆነልኝም። ደግሞም የምንሠራው ሥራ መሸፈኛ የሚያስፈልገው አልመሰለኝም።

"አይደለንም" አልኩ ሳልዞር። "ልጅ እየጠባ ነው።"

አዮም ሳይዞሩ በኦሮምኛ፣ "አንተ፣ እናትህ ላም ስታልብ በር ትደበድብባት ነበር?" አሉት። የሻይ ቤቷ ሴት ምን እንዳሉት ትንሽ ዘግይቶ የገባት መሰለኝ፤ ሳቋን ስታፍን ትከሻዋ ትከሻዬን ነካው።

ዱላውን በጀርባዬ ጠበቅሁ። ቀኝ ጆሮዬ የሰማው እንጨት ግድግዳ ላይ ሲደገፍ ነው።

"ቀስ በሉ" አለ ጠባቂው፤ በረት ውስጥ ሰው በሚናገርበት ድምፅ።

አዮ ከጉሮሯቸው ቃል የሌለው ማባበያ ያሰሙ ጀመር፤ የጨፋ ሴቶች ሲያልቡ የሚያሰሙትን። መጀመሪያ የልጁ መታገል ተሰማ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። "የእናትን ልብ የምታጸና ጌታ ሆይ" እያልኩ ነበር፤ ከዚያ በላይ ዱዓ አልመጣልኝም። ቀጥሎ መዋጥ መጣ። ጉጭ፣ ጉጭ። የወተቱ ሽታ ለጥቂት ጊዜ የነቀዙን ሽታ አጠፋው። እመጫቷ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፍናለች፤ እንባዋ ልጁ ላይ እንዳይወርድ በእጇ ጀርባ ትጠርገዋለች። አማቷ ከደጅ ሆነው "አልሐምዱሊላህ" ሲሉ ሰማን። ልጁ ተኝቶ ወጣ።

ያን ጠባቂ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። የት እንዳደረጉት የነገረኝ የለም፤ በዱዓዬ አልረሳውም። እመጫቷንም ከሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት። እስክትሄድ ድረስ ልጇን አጠባች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ልጁ በሕይወት ካለ ዛሬ ጺም ያበቀለ ጎረምሳ ነው።

እኔን በምን እንደያዙኝ ሳይነግሩኝ እንደያዙኝ ሁሉ፣ በምን እንደለቀቁኝም ሳይነግሩኝ ለቀቁኝ። ሳጥኔን መለሱልኝ። ብልቃጦቹ ሻግተው ነበር። የላሞቹ ፍርሃት ከበረዶው ጋር ፈሶ አልቋል።

በእኛ ሙያ አንዲት እናትና አንድ ቀን ማስረጃ አይባሉም። ጨርቁ ይሁን፣ የዱላው ዝም ማለት ይሁን፣ የአዮ ማባበያ ይሁን፣ ወይም ልጁ ዕድሜ የተጻፈለት ስለነበረ ይሁን፣ መለየት አልችልም። ስለዚያ ቀን አንድም የጥናት ጽሑፍ አልጻፍኩም።

ዛሬ የምኖረው ክረምቱ በረዶ በሆነ አገር ነው። ሙያዬም አልተለወጠም፤ የማላውቃቸው ሰዎች ምራቅ በብልቃጥ ሆኖ ይመጣልኛል፣ የፍርሃታቸውን ሆርሞን እለካለሁ። አንዳንዱ ጥጥ ደረቁን ይመጣል። ደንቡ "ለምርመራ አልበቃም" ብሎ ጽፎ መጣል ነው፤ እኔም እንደደንቡ እጽፋለሁ። ከመጣሌ በፊት ግን ጥቂት እይዘዋለሁ። የባለቤቱን ስም አላውቅም፣ በቁጥር ነው የሚመጣው። አላህ ያስፈራህን ከደጅህ ያርቅልህ እለዋለሁ።

በምሠራበት ክፍል የሁሉም ሰው ጠረጴዛ ፊቱ ወደ በሩ ነው። እኔ በገባሁ ሰሞን የእኔን አዙሬዋለሁ፤ ጀርባዬ ለበሩ ነው። የሥራ ባልደረባዬ፣ ደግ ሴት ናት፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ስደነግጥ ታያለች። "ለምን አትመልሽውም?" ትለኛለች።

እደነግጣለሁ። የሚመጣውን ሰው ኮቴም ግራ ጆሮዬ አይነግረኝም። ግን አልመለስኩትም።