ስትጠፋ የረገምኳት ምድጃ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት፣ ሐምሌ ላይ ነው። ዓመት አለፈው፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በገዛ እጄ ልጄንና ገና የተወለደ የልጅ ልጄን ልጨርሳቸው ነበር።

ሀና ማርያም አካባቢ፣ ግቢዬ ውስጥ ትንሽ ዳቦ ቤት አለችኝ። ምድጃዋ የምትሠራው በናፍጣ ነው። እሳቱን የሚተፋው በርነር ያለው ከምድጃዋ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የዚያች ክፍል ግድግዳ ላይ ከውጭ አየር የምታስገባ፣ ብሎኬት የምታክል ቀዳዳ አለች። ምድጃዋን የተከለልን ሰው "ይቺን እንዳትነኳት" ብሎን ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማን ያስታውሳል!

ልጄ ሀያት የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እንደ ደንቡ እኔ ጋ መጣች። ከሐኪም ቤት ስትመለስ ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀውን ክፍል ሰጠኋት። ከበርነሩ ክፍል የሚለየው አንድ የጣውላ በር ብቻ ነው። ችግሩ፣ የቀዳዳዋ ነፋስ በበሩ ስር እየሾለከ ይገባል። ሐምሌ፣ አራስ፣ ነፋስ! አራስን ብርድ መታት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የወለደ ያውቃል። አሮጌ ብርድ ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ቀዳዳዋን ጥርቅም አድርጌ ደፈንኳት። የሀያትንም መስኮት ዙሪያውን በጨርቅ ወተፍኩት። እንዲህ ናት እናት ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ምድጃዋ መጥፋት ጀመረች። ትነሳለች፣ ጥቂት ትነድና ድርግም። ቀዩን ቁልፍ ስጫነው ደግሞ ትነሳለች፣ ደግሞ ድርግም። ሊጡ ኩፍ ብሎ ይፈሳል፣ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። ናፍጣው ተቀይጦ ነው ብዬ ሌላ አስመጣሁ። ማጣሪያውን አስቀየርኩ። ከበርሜሉ ስር ውሃ ካለ ብዬ አስቀዳሁ። ወይ ፍንክች! ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና በእግሬ ሁሉ ረገጥኳት። "ምን ጎደለብሽ አንቺ የተረገምሽ?" እያልኩ እንደ ሰው ተጣላኋት።

በዚህ መሃል ሀያት "እማ፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያጥወለውለኛል" ትለኛለች። "ደም ስለፈሰሰሽ ነው፣ ብዪ" እያልኩ ገንፎ እጨምርላታለሁ። ሕፃኑ ደግሞ ድምፁ አይሰማም። ሊጠይቋት የመጡ ጎረቤቶች ሁሉ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ አያለቅስም እኮ!" ይላሉ። እኔም እኮራለሁ። አይ አለማወቅ!

በሦስተኛው ቀን ከሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ጋሽ ታደሰ የሚባሉ አንጋፋ መካኒክ አስጠራሁ። ከምሳ በኋላ መጡ። በርነሩ ላይ እሳቱን የምትጠብቅ፣ ዓይን የሚሏት ትንሽ ነገር አለች። እሳቱ ሲበላሽ ማሽኑን የምታጠፋው እሷ ናት። አንድ ዳቦ ጋጋሪ "እሷን አውጥተሽ ገመዱን ብታገናኚው አይጠፋም" ብሎኝ ነበር።

"ጋሽ ታደሰ፣ ይቺን ዓይን አውጥተው ይገላግሉኝ" አልኳቸው።

"ተይ እስቲ፣ መጀመሪያ ለምን እንደምትጠፋ ልይ።"

"ምን ያያሉ? ሊጤ እየተበላሸ ነው፣ በአላህ ይዤዎታለሁ!" ብዬ ጨቀጨቅኳቸው።

እሺ አላሉኝም። ዓይኗን ነቅለው በአውራ ጣታቸው ጠረጓት። ጣታቸው በጥላሸት ጠቆረ።

"እሳቱ አየር አጥቷል። የአየር ማስገቢያው የት ሄደ?"

"እኔ ነኝ የደፈንኩት። ከዚህ በር ጀርባ አራስ አለችኝ" አልኳቸው፣ እንደ ቁም ነገር።

ፊታቸው ክው አለ። ማሽኑን አጥፍተው የጣውላውን በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። ወንድ ሳያስፈቅድ አራስ ክፍል ሲገባ! "ኧረ ጋሽ ታደሰ፣ ምን ነካዎት!" እያልኩ ተከተልኳቸው። የመስኮቱን ጨርቅ ቦጫጭቀው ከፈቱት። ሀያትን ትከሻዋን ይዘው ነቀነቋት፤ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነች። ከዚያ ሕፃኑን ከነመታቀፊያው አንስተው ወደ በረንዳ ሮጡ። ውጭ ካፊያ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ልጁን ከእጃቸው ልነጥቅ ታገልኳቸው! "በብርድ ሊገድሉብኝ ነው!" እያልኩ እጃቸውን ቧጨርኩ።

"አንቺ ሴትዮ፣ የሚገድለው ጭሱ ነው! ልጁ ታፍኗል፣ ሂጂ እናቱን አውጪ!" ብለው ጮኹብኝ።

የልጁን እጅ አየሁት። እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። እንዴት እንደሮጥኩ፣ ሀያትን እንዴት እንደጎተትኳት አላውቅም። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው፤ ኦክስጅን አድርገውላቸው ወደ ሆስፒታል ላኩን። እዚያ ሁለቱም ነፍሳቸው ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ።

ሐኪሟ "ክፍሉ ውስጥ ከሰል ታነዱ ነበር?" ስትለኝ "ኧረ በፍጹም" አልኩ። ጋሽ ታደሰ መለሱላት። "የምድጃ ጭስ ነው። እሳቱ አየር ሲያጣ ጭሱ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ደግነቱ ማሽኑ ይጠፋ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ ቢነድ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ማሽኑን ስታጠፋው የነበረችው እኔ አውጡልኝ ብዬ የጨቀጨቅኳቸው ዓይን ናት።

ቀዳዳዋን የደፈንኩት እኔ መሆኔን ሀያት ታውቃለች። "እማ፣ ለእኔ ብለሽ አይደል?" ብላ በዚያው ሰሞን ይቅር አለችኝ። ያቺን ዓይን አውጡልኝ ብዬ ሰው መለመኔን ግን አታውቅም። ጋሽ ታደሰም ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እኔም አፌን ይዤ ይኸው ዓመት ኖርኩ።

አሁን ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች። ባለፈው ሳምንት "እማ፣ አንቺ ጋ ነው የምታረሰው" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተነስቼ ወጥቼ አለቀስኩ። ፊቷ ቆሜ ልነግራት አልደፈርኩም፤ የጻፍኩትም ለዚህ ነው።

ሀያት፣ አሁን ሁሉንም አወቅሽ። እኔ ጋ መምጣት ከፈለግሽ ነይ። ብትቀሪም አልፈርድብሽም።