የጥላነሽ የልደት ቀን

ሶስና ከባሕር ማዶ ባለው የዓረቦች የወደብ ሰፈር፣ ማዓላ ተወልዳ ማዓላ ያረጀች ሴት ናት። ስደተኞችን ወደ ኢትዮጵያ በሚመልስ ቢሮ ስም መመዝገብ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሙቀቱም፣ የሚጠፋው መብራትም፣ ያው የማያልቀው ጥያቄም አንገሽግሿታል።

ከሁሉ የሚያታክታት የልደት ቀን ነው። ከገጠር የመጣ ልጅ የተወለደበትን ቀን ከየት ያምጣው? ስለዚህ ገና ማመንታት ሲጀምሩ «ጃንዋሪ አንድ» ብላ ትሞላላቸዋለች። ትናንት ግን ጥላነሽ የምትባል የወሎ ልጅ አሻፈረኝ አለቻት።

«እትዬ፣ እኔስ አውቀዋለሁ። ጳጉሜ ሦስት፣ ዘጠና ስድስት። በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ሲወርድ ነው እናቴ የወለደችኝ።»

ሶስና የመከራከር አቅም አልነበራትም። ድካም ነውና ወደ ፈረንጅ ቀን መቀየሩንም ረሳችው። እንደተነገራት 3/13/1996 ብላ ጻፈችና ቀጣዩን ጠራች።

ዛሬ ጠዋት የመቶ ሰማንያ ሰው ዝርዝር ኮምፒውተሩ ላይ ሲጫን የምዝገባው ፕሮግራም ድርግም ብሎ ጠፋ። ደገሙት፤ አሁንም ጠፋ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተላከ የነገው አውሮፕላን ያመልጣል፤ ሌላው መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም።

የቢሮው ቴክኒሻን ዋኤል ለዚህ የሠራት ትንሽ የስህተት መፈለጊያ አለችው። ዝርዝሩን ለሁለት ትከፍላለች፣ እያንዳንዱን ግማሽ ትሞክራለች፣ ፕሮግራሙን የጣለውን ግማሽ ይዛ እንደገና ትከፍላለች። መቶ ሰማንያው ዘጠና፣ ዘጠናው አርባ አምስት እየሆነ ወርዶ ወርዶ አንድ ስም ላይ ቆመ። ጥላነሽ።

«ኻላስ ያ ኻላ፣ በቃ አክስቴ፣ ሰርዣትና እንላከው!» አለ ዋኤል ሰዓቱን እያየ።

ሶስና መስመሩን አየችው። አሥራ ሦስተኛ ወር። ፕሮግራሙ ከአሥራ ሁለት በላይ ወር አያውቅም። ልጅቷ ምንም ሳታጠፋ፣ በሶስና ስንፍና ከአገሯ ልትቀር ነበር።

«ላ! አይሆንም! ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ ምን አደረገች?» አለችና ወደ ፈረንጅ ቀን በጣቷ ቆጥራ 8/9/2004 ብላ አስተካከለችው። ዝርዝሩ አለፈ፤ ጥላነሽም አለችበት።

ሶስና ግን ዓይኗን ከዝርዝሩ መንቀል አቃታት። ጃንዋሪ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ፣ ጃንዋሪ አንድ... የእሷን ፈጠራ ሁሉ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ቅሬታ ውጦታል። ያነቀው እውነተኛው ቀን ብቻ ነው። አፈረች።

ወዲያው ቢሊሱማ የሚባል ወጣት ፊቷ ተቀመጠ።

«መቼ ተወለድክ?»

«እኔንጃ፣ እትዬ።»

እጇ እንደለመደው ወደ ጃንዋሪ ሄደ። መለሰችው።

«እናትህ ምን ትልሃለች? በዝናብ ነው በበጋ?» ብላ እስኪያስታውስ ጠበቀችው።