የማርቆስ መታወቂያ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለካህኑም ቢሆን አልተናገርኩም። ተንበርክኬ «ዋሽቻለሁ» ብያለሁ፤ ማንን እንደዋሸሁ፣ ውሸቱ ማንን እንደበላ ግን ዋጥ አድርጌ ተነሣሁ። ካህኑም አልጠየቁኝም። ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እንድደግም አዘዙኝ፣ ደግሜ ወጣሁ። በዚህ ዋጋ መገላገሌን ሳስብ ራሴን እጸየፋለሁ።

የወንድሜን መታወቂያ ሰርቄያለሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

ማርቆስ ታላቄ ነበር፤ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ሆሳዕና፣ መናኸሪያው አጠገብ በነበረ የስፖርት ውርርድ ቤት ትኬት ይቆርጥ ነበር። ከመስኮቱ ጎን፣ ግድግዳው ላይ ሕጉ ተለጥፏል። ዕድሜው ከሃያ አንድ ዓመት በታች የሆነ አይጫወትም። የድርጅቱ ሠራተኛ አይጫወትም። ያለ መታወቂያ ክፍያ የለም። ማን ያነበው ነበር? ቢሯቸውን ዘግተው የሚመጡት ሹሞች ወረቀቱን ተደግፈው ይቆሙ ነበር። መምህራኖቻችን ጀርባቸውን ሰጥተውት ውጤት ይጠብቁ ነበር። እኛን ትምህርት ቤቱ አንድ ለአምስት ያደራጀን እንድናጠና ነበር፤ የእኛ ቡድን ያጠናው የእንግሊዝ ክለቦችን ነው። ሕጉን ያከበረ አንድ ሰው ብቻ አውቃለሁ። ወንድሜን።

አንድ ቀን ከቡድኔ ጋር መስኮቱ ፊት ቆምኩ።

«መታወቂያ» አለኝ ማርቆስ፣ የማያውቀኝ ይመስል።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አንተ ስለሆንክ ነዋ። አሥራ ሰባት ዓመትህ ነው። ሂድ፣ ደብተርህን ክፈት።»

ከኋላዬ የቆመ የባጃጅ ሹፌር «ጎረምሳው፣ ጡጦህንስ ይዘሃል?» አለኝ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የሰረቅሁት በዚያ ሳቅ ተናድጄ ነው እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ። ውሸት ነው። ማንም ባይስቅም እሰርቅ ነበር።

ማርቆስ እሑድ ቅዳሴ ሲሄድ የሥራ ጃኬቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ነበር የሚሄደው። መታወቂያው ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። አወጣሁት። ያን ጊዜ በስልክ መወራረድ ተጀምሮ ነበር፤ ስልክ ደግሞ ፊት አያይም። ስም ጠየቀኝ፣ «ማርቆስ» ብዬ ጻፍኩ። የመታወቂያ ቁጥር ጠየቀኝ፣ የእሱን ጻፍኩ። ዕድሜ ጠየቀኝ፣ የእሱን ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ። ማንም እጄን አልያዘም።

በሳምንቱ አሸነፍኩ። ለክፍያው መታወቂያውን ዳግመኛ ሰረቅሁና ገበያው በኩል ወዳለው ወደዚያው ድርጅት ሌላ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ከፋዩ ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ።

«እዚህ ላይ ጢም አለህ።»

«ተላጭቼ ነው።»

«ተላጭተህ ነው ወይስ ሊበቅልልህ ነው?» ብሎ ሳቀና ከፈለኝ። ሕግ አስከባሪው ይህ ነበር። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ብር ነጭ ጫማ ገዛሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተቆጣጣሪ ከአዲስ አበባ መጣ። በየመስኮቱ ፊት ደብተር የያዘ ተማሪ ተሰልፎ ነበር፤ አላየውም። ኮምፒውተሩን ብቻ ከፈተ። ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ጥፋት አገኘ፤ ማርቆስ የሚባል የድርጅቱ ሠራተኛ ተወራርዶ ክፍያ ወስዷል። የከፈለኝ ሰው «የከፈልኩት ፎቶው ላይ ላለው ሰው ነው» ብሎ መሰከረ። ማርቆስን «በስምህ የተጫወተ ሌላ ሰው ካለ በሦስት ቀን ውስጥ አምጣውና ይፈርም» አሉት።

ቤት መጥቶ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አባታችንም እናታችንም ነበሩ።

«ይህን የነካ አለ?» አለ።

«እኔ አልነካሁም» አልኩ። ማንም ስሜን ሳይጠራ።

ጫማዬን አየ። ሦስቱን ቀን ጠበቀኝ። በመጀመሪያው ቀን ደጃፉ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ፈተናዬ ጠየቀኝ። በሁለተኛው ቀንም ተቀመጠ፣ አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ቀን ቆሞ «ፊርማ ብቻ ነው» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም አልኩ። ለምን? እስር ፈርቼ? አይደለም። የሚያስረኝ አልነበረም። አባቴ ጫማዬን አይቶ እንዲያፍርብኝ አልፈለግሁም። ወንድሜን በዚህ ለወጥኩት።

ተባረረ። «ቁማርተኛ» የሚለው ስም ከኋላው ተከተለው፤ ሆመቾ ድረስ ሄዶ ሥራ ቢጠይቅ ስሙ ቀድሞት ደርሶ ነበር። ከዚያ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ልጆች በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ማላዊ ውስጥ፣ በተዘጋ የጭነት መኪና ታፍኖ ሞተ። አብሮት የነበረ የሆመቾ ልጅ ደውሎ ነገረን። አስከሬኑ አልመጣም፤ እዚያው ቀበሩት።

ለለቅሶው ፎቶ ተፈለገ። ከመታወቂያው በቀር ሌላ ፎቶ አልነበረውም። ፎቶ ቤት ወስጄ ያስተለቅሁት እኔ ነኝ፤ የቀበሌው ማኅተም ግማሹ ትከሻው ላይ አብሮ ተልቋል። ለቀስተኛው ፊት ለፊቱ ቆሞ ያለቀሰበት ፎቶ እኔ ብር የተቀበልኩበት ነው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ልጁን ቁማር በላው» አሉ። ውሃ እያዞርኩ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ፣ ብዬ ነቀነቅሁ!

ያን ከፋይ እንቀዋለሁ፤ ተቆጣጣሪውንም፣ ግድግዳ ላይ ብቻ የሚኖረውን ሕግም። ግን የናቅኋቸውን ሁሉ ብደምራቸው እኔን አያህሉም። እነሱ ወንድሜን አያውቁትም ነበር።

የፊታችን እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ሰው በተሰበሰበበት ይህን ወረቀት ለአባቴ እሰጣለሁ፤ ጮክ ብሎ እንዲያነበው። ይቅርታ አልለምንም። ሊምረኝ የሚችለው ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ደጃፍ ላይ ጠብቆኝ ሄዷል። የምለምነው ስሙን እንድትመልሱለት ነው።

እናቴ የሰፈሩን ልጆች «እንደ ማርቆስ እንዳትሆኑ» ትላቸዋለች። ከእሑድ በኋላ የእኔን ስም ትጥራ። አሁን ጢም ይበቅልልኛል። ሳልላጭ መስታወት ሳይ ቁርጥ ያንን ፎቶ እመስላለሁ፤ ዛሬ ቢሆን ከፋዩ አይጠይቀኝም ነበር። እኔ ግን በየጠዋቱ እላጨዋለሁ።