የሦስት ጨዋታ አሰልጣኝ

«ኮሚቴ» የሚለውን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። ሰው ስለ መንገድ ሥራ ኮሚቴ እያወራኝ እንኳ እኔ የሚታየኝ የጅግጅጋው የእግር ኳስ ክለባችን ኮሚቴ ነው፤ ዘጠኝ ወንዶች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ፍራሽ ላይ ተጋድመው፣ የጫት ገረባ ዙሪያቸውን በትነው ስለ ኳስ ሲፈላሰፉ። ከዘጠኙ ኳስ በእግሩ የነካ ሁለት ቢገኝ ነው። ሐበሻውም ሶማሌውም ነበረበት፤ በዚህ ረገድ ከተማው ውስጥ እንደነሱ የተስማማ ስብስብ አላየሁም።

እኔ አሥረኛዋ ነበርኩ፣ ያውም በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ። ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። አያቴ ከጦሩ ጋር መጥቶ እዚያው የቀረ ወታደር ነው፤ ኳስ ያስለመደኝ ግን አባቴ ነው፣ በየሳምንቱ እጄን ይዞ ሜዳ እየወሰደ። መንግሥት ተለውጦ መሥሪያ ቤቶች በሶማሊኛ መጻፍ ከጀመሩም በኋላ የክለባችን ፋይል ገና በአማርኛ ነበር፤ ስለዚህ ጸሐፊ ሲፈለግ እኔ ተጠራሁ። ለኳስ ፍቅር ብዬ እሺ አልኩ። ሻይ አምጪ ያላሉኝ ቃለ ጉባኤ የሚጽፍላቸው ሌላ ሰው ስላልነበራቸው ብቻ ይመስለኛል።

አሰልጣኙን ያመጣነው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የስፖርት መምህር ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ርቆ ባለው ጉናጋዶ ወረዳ ሰባት ዓመት አስተምሮ፣ ዝውውር ለምኖ ለምኖ፣ ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ወዳሉበት ወደ ጅግጅጋ ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለአንድ የውድድር ዘመን በውሰት ሰጠን። የውሰት ደብዳቤው ግልጽ ነበር፤ ክለቡ ካሰናበተው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ በራሱ ጥያቄ ከለቀቀ ግን ቦታው በሌላ መምህር ይሞላል። ያንን ደብዳቤ አንብቤ ፋይል ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ጥርስ የነከሱበት ገና ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ነው። በኛ ክለብ አንድ ልማድ ነበር፤ በጨዋታ ቀን ጠዋት እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል «የኔ» የሚለውን ተጫዋች ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ለአሰልጣኙ ይልካል። አንዱ የእህቱን ልጅ፣ አንዱ የጎረቤቱን፣ አንዱ ጋራዡ ውስጥ የሚሠራለትን። ከሱ በፊት የነበሩት አሰልጣኞች ወረቀቶቹን ደርድረው ቡድን ያወጡ ነበር፤ ሁለት በረኛ ተልኮላቸው የተቸገሩበትም ቀን አለ። እሱ ግን ወረቀቶቹን ሰብስቦ ለኔ ሰጠኝ።

«አባዮ፣ እነዚህን ፋይል አድርጊልኝ» አለኝ። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ያኔ ነበር መሳቃችንን ማቆም የነበረብን።

የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳችን አንድ ለአንድ ወጣን። ሁለተኛው ሽንሌ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ቀኑን ሙሉ በመኪና ሲንገላቱ ውለው ደረሱ፣ በማግስቱ በዚያ ሙቀት ተጫውተው አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ሦስተኛው ጨዋታ በሜዳችን ሲሆን የኛ ከተማ ነፋስ ለኛ እንኳ አላዳላም፤ በረኛችን የመታው ኳስ መሀል ሜዳ ሳይደርስ ተመልሶ የተጋጣሚ አጥቂ እግር ሥር ወደቀ። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። ከፊታችን ገና ረጅም የውድድር ዘመን ነበር፣ ተጫዋቾቹም ኳስ መቀባበል ጀምረው ነበር። ይህንን የምለው ስለምወደው አይደለም፤ ዓይን ያለው ሁሉ አይቶታል።

አንጀቴን ያሳረረው ሽንፈቱ አልነበረም። ከሦስተኛው ጨዋታ ሁለት ቀን በፊት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ሊቀ መንበራችንን አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ጉበት ጥብስ ሲበላ አየሁት። ሰውየው ቱታ ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል። ፊሽካ አንጠልጥሎ ቁርስ የሚበላ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

«እንግዳችን ነው፣ ከአዲስ አበባ» አለኝ ሊቀ መንበሩ፣ ቅባት ባለው እጁ ወደ ሰውየው እያመለከተ።

እንግዳው በጨዋታው ቀን የክብር ቦታ ተቀምጦ የባቢሌ ለውዝ እየፈለፈለ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ሁለተኛው ጎል ሲገባብን ሊቀ መንበሩ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ ግን ያየሁት እፎይታ ነው፤ በዚህ ብማል አይቆጨኝም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ሊቀ መንበሩ ቤት በርጫ ላይ ተሰበሰበ። ክፍሉ የሲጋራ ጭስና የላብ ካልሲ ይሸታል። ምክትሉ፣ የእህቱ ልጅ ያልተሰለፈለት ነጋዴ፣ ቅጠል በጉንጩ ወጥሮ «ክለቡ እየሞተ ነው» አለ። ሌላው «ደም ያስፈልጋል፣ አዲስ ደም» አለና አጠገቡ ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ተፋ። የሦስት ጨዋታ ውጤት ይዘው ስለ ሞት ያወራሉ።

ግን አሰናብተውት ስማቸው እንዲነሳ አልፈለጉም፤ ተማሪዎቹና ወላጆቻቸው ይወዱታል። ሊቀ መንበሩ መላ አመጣ። «ልጁ ጨዋ ነው። በደብዳቤ አናዋርደውም። ሽማግሌ እንላክበትና ራሱ ይልቀቅ።»

በኛ ከተማ ሽማግሌ የተላከበት ሰው እንቢ አይልም። ደም የፈሰሰበት ጉዳይ እንኳ በሽማግሌ ያልቃል። እነዚህ ሰዎች ያንን ትልቅ ነገር፣ የሁላችንም መከበሪያ የሆነውን፣ አንድ መምህር ከሥራ ለመንቀል ተጠቀሙበት። ሦስቱ ሽማግሌዎች ምንም አያውቁም፤ ትልቁ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ኳስ ሜዳ ረግጠው የማያውቁ ሰው ነበሩ። የልጁን ክብር ለማዳን ነው የምትሄዱት ተባሉ፣ አመኑ። እኔም ወረቀትና ብዕር ይዤ ተከተልኳቸው። የሚያሳፍረኝ እኔም ማመኔ ነው። በደብዳቤ ከሚባረር ይሄ ይሻለዋል ብዬ ነበር፤ ያ የውሰት ደብዳቤ ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ስንደርስ ሚስቱ በግመል ወተት የፈላ ሻይ አቀረበችልን። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ልጄ፣ እነሱ ከሚሉህ አንተ ቅደም። ተው። ስምህ ይቆይልህ» አሉት።

«አዴር፣ ሦስት ጨዋታ እኮ ነው!» አለ። አዴር አጎት ማለት ነው፤ ታላቅን የሚያከብር ሰው የሚጠራበት። «ትምህርት ቤቱስ?» አለ ቀጥሎ።

«ሊቀ መንበሩ ራሱ ሊያናግርልህ ቃል ገብቷል።»

ሚስቱ በር ላይ ቆማ እያየችው ነው። እሱ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ሻያቸውን አየ። «እናንተን መልሼ በዚህ ከተማ በምን ዓይኔ ልሄድ?» አለና ወደኔ ዞረ። «አባዮ፣ የቢሮ አማርኛ ያንቺ ነው። ጻፊልኝ።»

ጻፍኩለት። «በጤና ምክንያት» የሚለውን ሊቀ መንበሩ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። «በገዛ ፈቃዴ» የሚለውም ከሱ ነው። ከታች ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጨመርኩ፤ «ወደፊትም በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄም ሆነ ቅሬታ እንደማላነሳ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» ማንም አላዘዘኝም። የመልቀቂያ ማመልከቻ በዚህ ነው የሚያልቀው፤ ለስንቱ ሰው ስጽፈው ኖሬያለሁ። ያለሱ ጎዶሎ መሰለኝ። ጽፌ ስጨርስ እንዲያውም አምሮልኛል ብዬ ነበር። እሱ ሳያነብ ፈረመ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ባለፊሽካው ሰውዬ ልምምድ ያሠራ ጀመር። በቃለ ጉባኤው ላይ «ኮሚቴው የአሰልጣኙን ጥያቄ በታላቅ ሐዘን ተቀብሏል» ብዬ እንድጽፍ ታዘዝኩ፤ ጻፍኩ። ባለፊሽካውም ሰባተኛ ጨዋታውን ሳያይ ተባረረ፤ እሱን ግን በሽማግሌ አልደከሙበትም።

ሊቀ መንበሩ ትምህርት ቤቱን አላናገረም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። በሦስተኛው ሳምንት በርጫ ላይ ከበሩ አጠገብ ሆኜ አስታወስኩት። አንድ ቀንበጥ መርጦ፣ አራግፎ፣ ጉንጩ ውስጥ ከተተና «በገዛ ፈቃዱ የለቀቀን ሰው እኛ ምን እናድርገው?» አለ። ሌሎቹ ሳቁ። የዘጠኝ ሰው አረንጓዴ ጥርስ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደዚያ ቤት አልሄድኩም፤ ቃለ ጉባኤውን ያለ እኔ ጻፉት አልጻፉት ግድ አልሰጠኝም።

አሰልጣኙ ራሱ መዝገብ ቤት መጣ። ቦታው ተሞልቷል። ለትምህርት ቢሮ አቤት ብሎ ነበር፤ ሰዎቹ የማመልከቻውን ግልባጭ አውጥተው የመጨረሻውን መስመር በጣታቸው እያሳዩ «ጥያቄ አላነሳም ብለህ ፈርመሃል፤ ምን ልንሰማህ ነው?» ብለውታል። የቀረለት እንደ አዲስ ተቀጥሮ ጉናጋዶ መመለስ ነው። ሚስቱና ልጆቹ እዚህ ይቀራሉ፤ ትልቋ ልጁ ከሰው ፊት «አባባ» ብላው መጥራት የጀመረችው ገና በዚያ ዓመት ነበር።

ግልባጩን ባንኮኒዬ ላይ ዘረጋው። ፊቱ አመድ መስሏል። ዙሪያችን ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል።

«እዚያ ቤት ሽማግሌዎቹ ስለ ስሜና ስለ ትምህርት ቤቱ ነው ያወሩት» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄኛውን ማንም አላነሳም። ይሄ መስመር ከየት መጣ? ማን ነው ያስጻፈሽ?»

የራሴን የእጅ ጽሑፍ አየሁት። ያቺን የቢሮ ዓረፍተ ነገር፣ በሥርዓት የተጻፈችውን፣ አንድ ፊደል እንኳ ያልተሳተባትን። ዘጠኙን ሰዎች በልቤ ስሰድባቸው የከረምኩት ሴትዮ አፌን ከፈትኩ።

«ኮሚቴው ነው» አልኩት።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ወላሂ አውቄው ነበር» አለ። «ግን ከቢሮው ስወጣ ሰይጣን ልቤ ውስጥ ገብቶ አንቺን ጠርጥሬ ነበር። እህት አድርጌሽ ሳለሁ። ይቅር በይኝ፣ አባዮ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።