ዳገቱን የወጣችው ላንድሮቨር

ባለፈው ሳምንት ጋምቤላ ከተማ መሃል የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጎማው ተንፍሶ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆመን ሳለ፣ መካኒኩ ግሪስ የነካው እጁን በነጭ ጋዝ ሲታጠብ ሽታው ደረሰኝ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን፣ አዳዲሶቹ ቢሮዎች ሰሌዳቸውን ቀለም እየቀቡ ሲሰቅሉ፣ የእኛ ግቢ ከማንጎው ሥር ሦስት ወር ሙሉ የሸተተው እንዲህ ነበር።

አባቴ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ከእናቴ ጋር ከጎሬ ነው የመጡት። የእሱ ላንድሮቨር በዕድሜ እኔን በብዙ ትበልጠኛለች፤ ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፣ ወደ ደጋው የሚያወጣው የቡሬ ዳገት ላይ ግን ውሃዋ ይፈላና ትቆማለች። ከመቆሟ ብዛት የጎረቤት ዶሮ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል መጣል ጀምራ ነበር። የጋምቤላ ሙቀት ያልተስማማት እናቴ ጎሬ ያሉ ወላጆቿን ለማየት ሁለት ጊዜ ተነስታ ሁለቱንም ጊዜ ከመንገድ ተመለሰች። በጭነት መኪና ተሳፍሬ ልሂድ ስትለው፣ «እኔ መኪና እያለኝ?» ይላታል። በሁለተኛው ጊዜ ሻንጣዋን አልፈታችም፤ እንዳለ አልጋ ሥር አስገባችው።

አባቴ ከተገለበጠ ፒክአፕ የወጣ ትልቅ ሞተር ከነካምቢዮው አገኘና ኦጁሉን ጠራው። ኦጁሉ የባሮ ጀልባዎችን ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር አኙዋ መካኒክ ነበር። ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየና፣

«መምህር፣ ይሄ ልብ ለዚህ ደረት ትልቅ ነው» አለው።

«ደረቱን ቅደደው።»

ቀደደው። የሞተሩን መቀመጫ ቆርጦ እንደገና በየደ፣ ራዲያተሩን ወደ ፊት ገፋ፣ ካምቢዮው ከድሮው ስለሚረዝም ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ አሳጠረ። የማርሹ እጀታም በአዲስ ቀዳዳ፣ እናቴ በምትቀመጥበት በኩል ብቅ አለ።

የሄድን ቀን መኪናዋ ዳገቱን ምንም ሳይመስላት ወጣችው። አባቴ ሲያፏጭ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማርሽ በቀየረ ቁጥር እጁ የእናቴን ጉልበት ይነካል፤ እሷም ጉልበቷን ሰብሰብ ታደርጋለች።

ጎሬ ሦስት ቀን ቆየን። በአራተኛው ጠዋት እናቴ ባዶ እጇን ወደ መኪናዋ መጣች።

«እኔ አልመለስም» አለችው። «ልጅቷ ትምህርቷ እንዳይቋረጥ ይዘሃት ውረድ፤ ክረምት ታመጣልኛለህ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም።»

የሹራቤን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈችልኝና ወደ ቤት ገባች።

አላለቀስኩም። የከፋኝም አይመስለኝም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጆሮዬ መደፈኑን ብቻ አስታውሳለሁ። ከብዙ መንገድ በኋላ አባቴ፣ «ሞተሩ ደህና ነው» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በየክረምቱ ጎሬ እየወሰደ በር ላይ ያወርደኛል፤ ግቢ አይገባም። እሷም እስክትሞት ወደ ጋምቤላ አልወረደችም። ለቅሶዋ ላይ ጎረቤቶቿ ምን ትወድ እንደነበር፣ ምን እንደሚያስቃት፣ ሲመሽባት ምን እያለች እንደምታንጎራጉር ሲያወሩ ከመካከላቸው ተቀምጬ አዳመጥኩ። አብዛኛውን ገና መስማቴ ነበር።